ሳይታሰር የቀረው አውራ ጣት

ይህ ታሪክ ውሸት ነው የምትሉ፣ ላሊበላ ኑና ባጃጄን አሽትቱልኝ። ሁለቴ በበረኪና አጥቤያታለሁ... ሽታው አልለቅ ብሏል።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ፀሐይ ፍንትው ብላ። ሌሊት ነው ብላችሁ እንዳታስቡ።

የተሳፈረው ምስጋኑ ነው። የወንጀል ልብ ወለድ የሚጽፈው፣ የኛው ከተማ ልጅ።

ሬዲዮ ላይ "ከማን ተማርክ?" ባሉት ቁጥር፣ ከመጽሐፍ አልተማርኩም ይላል። ያስተማሩኝ አባ ሰይፈ ሥላሴ ናቸው ይላል። አባ ከከተማው በላይ ያለው ዋሻ ጠባቂ ናቸው። ዋሻው ውስጥ የጥንት ተሳላሚዎች አጽም ተከምሯል። ምስጋኑ ልጅ ሳለ፣ አባ አጽሞቹን እያሳዩ ይሄኛው በምን ሞተ፣ ያችኛዋን ማን ገደላት እያሉ ያወሩለት ነበር።

እሱም አድጎ ያንን ቸረቸረው። በመጽሐፎቹ ሰው የሚታረደው ሁሌ እዚሁ፣ እኛው ሰፈር ነው። ኤዲያ!

በመጨረሻው መጽሐፉ ገዳዩ አንዲት ልጅ አንቆ፣ ሬሳዋን ከጥንቶቹ አጽሞች መሃል ይደብቃል። የልጅቷ ስም እየሩስ ነው። የገዛ እህቱ ስም! ቁርጭምጭሚቷ ላይ ያለው የእሳት ጠባሳ ሳይቀር የእህቱ ነው። እናቱ "ሟርት ነው፣ ተው" ብለው አልቅሰው ለምነውት ነበር። ስሙ ለታሪኩ ያምርልኛል ብሎ እምቢ አለ።

መጽሐፉ በወጣ በወሩ፣ እየሩስ ለገበያ ኮን ከተማ እንደሄደች ቀረች።

ሦስት ሳምንት። ስልኳ ዝግ።

እናቱ ፖሊስ ጣቢያ ተመላለሱ። ምስጋኑ ግን ከአዲስ አበባ እንደገባ፣ ቀጥታ ወደ ዋሻው ውሰደኝ አለኝ። የጻፈውን ያውቃላ!

ባጃጅ እስከሚደርስበት ወሰድኩት፤ ዳገቱን ብቻውን ወጣ። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ ራሱ ነው።

ዋሻው ድሮ የሚሸተው አቧራ አቧራ ነበር። ያን ቀን ግን... የከረመ ቅቤ። ሽታው ምላሱ ላይ ተለጠፈ። ዝንቦቹ ከመወፈራቸው የተነሳ መብረር አቅቷቸዋል።

አባ አጽሞቹ አጠገብ ተቀምጠው የሱን መጽሐፍ ያነባሉ። ገጾቹ በቅባት ርሰዋል። ጣታቸውን እየላሱ ይገልጡታል።

እንደወደዱለት ነገሩት። አንድ ነገር ብቻ ረስተሃል አሉት።

"ምን ረሳሁ፣ አባቴ?"

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ሬሳ ሲገነዝ የእግሩ አውራ ጣቶች ይታሰራሉ። አንተ ሳታስር አስተኛሃት።"

"ልብ ወለድ እኮ ነው፣ አባቴ..."

"ይሁን። እሷ ግን እየተነሳች አስቸገረችኝ።"

ከዚያ ከአጽሞቹ መሃል የተዘረጋውን ሰሌን ገለጡለት።

ሁለት እግር።

ያበጠ... የሚያብረቀርቅ። አውራ ጣቶቹ በቀይ ክር ተጠፍረዋል፤ ክሩ ሥጋው ውስጥ ሰምጧል። ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠባሳው አለ።

እጁን ሰድዶ ነካው። ቆዳው ከመዳፉ ጋር ተነሥቶ መጣ።

ፊቷን አላየም። እየሮጠ ወርዶ ባጃጄ ውስጥ አስታወከ። መዳፉን በሱሪው ይፈገፍጋል፤ እህቴን ገደልኳት፣ እህቴን ገደልኳት ይላል። ሰውየውን አልወደውም ነበር፤ ያን ሰዓት ግን አንጀቴን በላው።

ስልኩ ጠራ። እናቱ ናቸው። ድምፃቸው እኔም ጋ ይሰማል።

"እየሩስ መጣች... ቶሎ ና፣ ልጄ።"

ምስጋኑ ሳቀ፣ አለቀሰ፣ በዚያ መዳፉ አንገቴን አቀፈኝ። ምን ላድርግ፣ ቻልኩት። እንዴት እንደነዳሁ እኔ ነኝ የማውቀው።

ደረስን። እናቱ ደጃፍ ላይ ቆመዋል። እልልታ የለም። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘዋል።

"መንገድ ደክሟት ነው" አሉ በሹክሹክታ። "ታጠቢ ብላት... እምቢ አለች።"

እየሩስ ከቤት ብቅ አለች። ፈገግ ብላለች። ወንድሟን ልትስም እጆቿን ዘረጋች።

አልተራመደችም።

ሁለቱን እግሮቿን አንድ ላይ እያነሳች... ዱብ... ዱብ... እያለች መጣች።

እኔ ወደ ኋላ ሸሸሁ። ምስጋኑ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ጉንጩን ሰጣት።