ታምሬን ያሳሰረች ሰባት ቁጥር

ከእርዳታው መኪና ላይ ስድስት ጆንያ ማሽላ ጠፋ። ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ሱዳን ውስጥ ኡም ራኩባ የስደተኞች ካምፕ ያለው ሰው ያን ማሽላ ቆሞ ይጠብቃል።

የታሰረው ታምሬ ነው፤ የገዳሪፉ ጎሚስታ። ሾፌሩ ሱሩር ለፖሊስ እንዲህ አለ፦ «መቶ ፓውንድ ነፋስ መሙላት ሲገባው ሰባት ብቻ ሞልቶ ሰደደኝ። ጎማው መንገድ ላይ ተኛብኝ። ነፋስ መሙያ ፍለጋ ሄጄ ስመለስ ሌባ አራግፎኛል።» ማስረጃም አለው፤ ታምሬ የነፋሱን ልክ በገዛ እጁ «7» ብሎ ጽፎ የሰጠው ወረቀት።

የፖሊስ ጣቢያው አለቃ ሻዊሽ ሙሐመድኑር ከሌባ ጋር ተመሳጥረሃል ብሎ ቆለፈበት። ነገ ወደ ትልቁ እስር ቤት ሊልከው ነው።

የታምሬ ሚስት ደብሪቱ አላለቀሰችም። በማለዳ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። መኪናው ተጎትቶ እዚያው ቆሟል። የተኛውን ጎማ በጎረቤት ጎሚስታ አስሞላችና ጥላው ሥር ቁጭ አለች። ረፋዱ ላይ ሻዊሹ መጣ።

«ሻዊሽ፣ ይምጡና ይዩ።»

«ሥራ አለብኝ።»

«እኔም ባል አለኝ።»

ሳቁን ዋጥ አድርጎ ተከተላት።

ከባሏ ሱቅ ያመጣችውን አሮጌ የነፋስ መለኪያ ጎማው ላይ ደቀነች። መቶ አለ። እርዳታ ሰጪዎቹ በቅርቡ ለታምሬ የሰጡትን አዲሱን ደቀነች። ሰባት አለ።

«አንዱ ተበላሽቷል» አለ ሻዊሹ።

«ይቆዩ እንጂ።» ጎማውን ትንሽ አስተነፈሰችው። አዲሱ ስድስት ሲል አሮጌው ሰማንያ ሰባት አለ። አምስት ሲል ሰባ ሁለት። «አዲሱ በባር ነው የሚቆጥር። አንዱ ባር አስራ አራት ተኩል ፓውንድ ያህል ነው። ታምሬ በአዲሱ ለክቶ ነው ሰባት ያለ። ጎማው ሙሉ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ተኛ፣ እቴ ደብሪቱ?» አለ ከጣቢያው በር ጥግ ቆሞ ሲሰማ የነበረው ሱሩር።

«በሰባት ፓውንድማ ከነጭነትህ ከግቢው አትወጣም ነበር።»

«ተበስቶ ይሆናላ።»

«ከማለዳ ጀምሮ ነፋሱን ይዞ ቆሟል። ሰው ነው ያስተነፈሰው።»

«ሌባ ነዋ።»

«ሳላስሞላው በፊት አይቼዋለሁ። የነፋስ ማስገቢያው ክዳን ጥብቅ ብሎ ተገጥሟል። ሌባ አቧራ እንዳይገባ ብሎ ክዳን ይመልሳል? መኪናውን የሚወድ ሾፌር ነው እንጂ።»

ሱሩር መሬት ላይ ቁጭ አለ።

«እህቴ ሰዓዲያ ሀዋታ ከተማ ናት» አለ በመጨረሻ። «ተርበው ድንበር የተሻገሩ ዘጠኝ ልጆች ሰብስባለች። ካምፕ ስላልተመዘገቡ እህል አይደርሳቸውም። መንገድ ለውጬ ለእሷ አወረድሁ፤ ጎማውን ኋላ አስተነፈስሁት። ታምሬን አላሰብሁትም ነበር። ወረቀቱ ላይ ሰባት ሳይ ሰበቡ ራሱ የመጣልኝ መሰለኝ።»

«አንተ ጅል» አለች ደብሪቱ፤ ድምጿ ግን ለዝቧል። «ለታምሬ ብትነግረው ራቱን ይሰጥህ ነበር።»

ሻዊሹ የመኪናውን ቁልፍ ተቀበለው። የቀረውን ማሽላ እንዲያመጡ፣ ልጆቹንም ካምፕ ወስደው እንዲያስመዘግቡ ሰው ወደ ሀዋታ ላከ። ሱሩር ገባ፤ ታምሬ ወጣ።

«ቁጥሩን ጻፍህ፤ የምን እንደሆነ ማን ይጻፍልህ?» አለችው።

«አንቺ አለሽልኝ።»

በማግስቱ የታምሬ ሱቅ በር ላይ በጠመኔ ተጻፈ፦ «1 ባር 14 ተኩል ፓውንድ ነው። ያልገባው ደብሪቱን ይጠይቅ።»