ጦሙን ያደረ ጉልማ

ሰው ከወደደው የሚለያየው በገንዘብ ነው፣ በዘር ነው፣ ወይ በሌላ ሴት ነው። እኔና ገዛኸኝ የተለያየነው በረግረግ ነው ብል ማን ያምነኛል? ወልድያ ያሉት ጓደኞቼ ስነግራቸው መጀመሪያ ይስቃሉ። ከዚያ ፊቴን ያዩና ሳቃቸውን ይውጣሉ።

ሥራዬ የተራራ ውሃ መለካት ነው። ዩኒቨርሲቲው ለጥናት መድቦኝ ከወልድያ በሚኒባስ መርሳ እወርዳለሁ፤ ከመርሳ መንገዱ እስኪያልቅ በባጃጅ፣ ከዚያ በእግሬ ወደ ሀብሩ ተራሮች እወጣለሁ። ወንዙ ላይ ክዳን የመሰለች ዕቃ አንሳፍፋለሁ። ከውሃው የሚወጣውን አየር ታፍናለች፣ መሣሪያው ደግሞ አየሩ ምን ያህል ካርቦን እንደያዘ ይነግረኛል። የአገሩ ሰው ዕቃዋን «ድስቷ» ብሎ ሰየመልኝ። «ፍሬሕይወት ዛሬም ጥዳለች፤ መቼ ይሆን የሚበስልላት?» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ገዛኸኝን ያወቅኩት በጩኸት ነው። ሐምሌ ነበር። እኔ ያለሁበት ፀሐይ ነው፤ ላይኛው ተራራ ግን ጠቁሯል። ጎንበስ ብዬ ስለካ አንድ ሰው ከማዶ ይጮኻል።

«አንቺ ልጅ! ውጪ ከዚያ! ደራሽ መጣ!»

«ቆይ፣ ልጨርስ!» አልኩት። የኔ ነገር!

ዘሎ ገባና በአንድ እጁ እኔን፣ በሌላው ድስቷን ይዞ ወጣ። ገና ዳር ከመድረሳችን ጎርፉ ድንጋይ እያንከባለለ አለፈ። መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። እሱ ንዴቱ አልወጣለትም።

«ለመሆኑ የምትለኪው ምንድን ነው?»

«ካርቦን።»

«ለሱ ነው ልትሞቺ የነበረው?»

አፍሬም ቢሆን አስረዳሁት። ዛፉም ሣሩም ከአየር ወስዶ ገላውን የሚሠራበት ነገር ነው አልኩት። ቅጠሉ ይረግፋል፣ አፈሩ ይታጠባል፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ወንዝ ይገባል። የተራራ ውሃ ድንጋይ ላይ እየተፈጠፈጠ ሲወርድ ብዙውን ለአየሩ ይመልስለታል፤ የቀረውን ይዞት ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። ተሻግረናት የምንሄደው ቀጭን ጅረት ከስፋቷ በላይ ትሠራለች።

ገዛኸኝ አልሳቀብኝም። ውሃውን ትክ ብሎ እያየ ቆየ። «ወንዙ ይተነፍሳል በይኛ» አለ ቀስ ብሎ። ያኔውኑ ወደድኩት፤ ምን ያስዋሸኛል?

በሌላ ቀን ወንዙ የሚነሣበትን አሳየኝ። ከምንጩ ሥር ሰፊ ጨፌ፣ ሣር የለበሰ ረግረግ አለ፤ የአባቱ የአያ ፈንታው ይዞታ ነው። ሲረግጡት መሬቱ ከእግር በታች ይወዛወዛል። የአፈር መውጊያ ብረቴን ሰክቼ ሳወጣው ጥቁር አፈር ይዞ ወጣ፤ በውስጡ የሣር አገዳ ቅርጹን እንደያዘ አለ።

«ይህ ሣር ከቅድመ አያቶችህ በፊት የበቀለ ሳይሆን አይቀርም» አልኩት።

«እንዴት ሳይበሰብስ?»

«ውሃው አየር ከልክሎት ነዋ። ጨፌው የደረቀ ቀን ግን መበስበስ ይጀምራል። ስንት ዘመን ያስቀመጠውን ካርቦን ይለቀዋል፤ ወንዙም በበጋ ይነጥፋል።»

ያን ቀን ምላሴን በነከስኩት ኖሮ!

ከዚያ ወዲያ እኔ ስለካ እሱ አጠገቤ ይቀመጣል። ብዙ አናወራም። በገበያ ቀን መርሳ እንወርድና ብርቱካን ልጦ ያጎርሰኛል፤ ሰው ሲያይ እኔ አፍራለሁ፣ እሱ ግን ደንታም የለው። አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ዓመት ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አያ ፈንታው ወልድያ ወላጆቼ ዘንድ ሽማግሌ ሊልኩ ተስማሙ። ከዚያ በፊት ቤታቸው አስጠሩኝ። ገዛኸኝም፣ ታላቅ ወንድሙ ወርቁም ነበሩ።

«ጉልማችሁን ወስኛለሁ» አሉ አያ። እዚያ አገር ወላጅ ጎጆ ለሚወጣ ልጁ ከመሬቱ ቆርሶ ይሰጣል፤ ጉልማ የሚሉት እሱን ነው። «ጨፌውን ሰጥቻችኋለሁ። ቦይ ቅደዱለትና ውሃው ይውጣ። አፈሩ ድንግል ነው፤ ጤፍ ያሳፍሳችኋል።»

ገዛኸኝ አየኝ፤ በዓይኑ ዝም በይ ይለኛል። ዝም ማለት መቼ አውቅበታለሁ?

«አያ፣ እግዜር ይስጥልን። ግን ጨፌው ባይታረስስ?»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«እንዳለ ይቀመጥ።»

«እኔ የሰጠሁት መሬት ጦሙን ይደር?»

ወርቁ ከበሩ ሥር ሳቀ። «ለኔ ይስጡኝ እንጂ! ነገውኑ ቦዩን እቀድደዋለሁ።»

አያ ፈንታው አልሳቁም። ጉልማ መመለስ ሰጪውን መናቅ ነው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡና ሳያዩኝ ወጡ።

ገዛኸኝ ሊሸኘኝ አብሮኝ ሲወርድ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። «ጨፌው ከደረቀ እኔ በምን ዓይኔ ይህን ወንዝ አየዋለሁ? ገዳዩ እኮ እኔ ነኝ!» አልኩት። ሰው ሲከፋው የማይለው የለም። እሱ መለስ ብሎ ጨፌውን አየ።

ከዚያ ስልኩ ጠፋ። ቆይቶ ራሱ ወልድያ መጣና መናኸሪያው በር ላይ ተገናኘን። ከስቷል።

«አባቴ ጨፌውን ለወርቁ ሊሰጡት ነበር» አለ። «እግራቸው ላይ ወድቄ ለመንኳቸው። ‹ያቺን ልጅ ከተውካት ያንተ ነው፤ ጦሙን ብታሳድረውም አልናገርህም› አሉኝ።»

«እና?»

መሬት መሬቱን አየ።

«እና፣ ገዛኸኝ?»

«በመድኃኔዓለም ማልኩላቸው። እሳቸው በሕይወት እስካሉ ላላገባሽ።»

«ከጭቃ አነስኩ በለኛ!» ብዬ ጮኽኩ። «ደሴ! ደሴ!» ይሉ የነበሩት ረዳቶች ሳይቀሩ ዞረው አዩን። ሊይዘኝ እጁን ሲዘረጋ ገፍቼው ሄድኩ።

ለብዙ ጊዜ ባልደረባዬን ሜሮንን ወደ ወንዙ ላክኋት። በኋላ ግን አልቻልኩም፤ ራሴ ወጣሁ። በበጋ ውሃው ጥርት ብሎ ይወርዳል፤ የካርቦኑም ልክ እንደ ድሮው ነው። ቦይ ተቀድዶ ቢሆን ውሃው ሻይ በመሰለ፣ ልኩም በናረ ነበር። ገዛኸኝ ለራሱ የሰው መሬት የእኩል እያረሰ፣ ጎረቤት «ባለ ጨፌው» እያለ እየተሳለቀበት፣ ጨፌውን ሳይነካ ጠብቋል። ሚስትም አላገባም። በለካሁ ቁጥር መሣሪያው ጨፌው እንዳልተነካ ይነግረኛል፤ በለካሁ ቁጥር ቂሜ ይብስብኛል። ጭቃውን መረጠ እያልኩ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ግንቦት ወንዙ ዳር ሣር ሲያጭድ አገኘሁት። ጺሙ ውስጥ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ማጭዱን አስቀምጦ ቆመ። ሰላምታም አላስጨረስኩት።

«ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ምኑን?»

«‹እኔ ወይስ ጨፌው?› ብለህ! ጠይቀኸኝ ቢሆን ይታረስ እል ነበር። ድርቅ ይበል፣ ገደል ይግባ እል ነበር! አንተን ነበር የምመርጠው።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ምን አልከኝ?»

«እኔን እንደምትመርጪ አውቅ ነበር። ስለዚህ ነው ያልጠየቅኩሽ።» በእጁ ወንዙን አሳየኝ። «በኋላ እዚህ ቆመሽ፣ የደፈረሰውን ውሃ እያየሽ... ያን ፊትሽን ማየት አልችልም ነበር፣ ፍሬ።»

ስንት ዓመት ሙሉ የማንን ሰው ቂም ይዤ ኖርኩ? ከጎኑ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ውሃው እየጮኸ ይወርዳል።

«መሐላህ እጅ መያዝም ይከለክላል?» አልኩት በመጨረሻ።

«እሱን አልማልኩም።»

እጁን ያዝኩት። ሻክሯል።

«አያ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ዛሬም ዳገቱን ሳያርፉ ይወጡታል።»

«ዕድሜ ይስጣቸው።»

ዞሮ አየኝ። «ከልብሽ?»

«ኧረ ተወኝ፣ ገዛኸኝ» አልኩት። «ግማሹ ከልቤ ነው።»

ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ወዲያው ሌላው ግማሽ ምን እንደሆነ ሁለታችንም ገባንና አንገታችንን ደፋን። እጁን ግን አለቀቅኩትም።