የማዘንጊያ ቆርኪ

«ይሄ ካርታ የማን ነው?»

የቀበሌው የአብዮት ጥበቃ ኃላፊ ጓድ ታፋ ካርቶኑን ከአልጋው ስር ስቦ አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረ። ጠመንጃ ያነገቱ ሁለት ሰዎች በሩን ሞልተው ቆመዋል። ወደ ድርቤ ቤት የመጡት ታላቅ ወንድሟን ሞረዳን ፍለጋ ነበር። እሱን አላገኙትም። ያገኙት የሳሙና ካርቶን ነው። ከነቀምት ወደ ኡኬና ወደ ጉቴ የሚወስዱት መንገዶች በቀይ እስክሪብቶ ተሰምረውበታል፤ በመንገዶቹ ዳርም «ኬላ»፣ «መደበቂያ»፣ «ጥይት የተቀበረበት» የሚሉ ቃላት ባማረ የእጅ ጽሕፈት ተጽፈዋል።

ያማረው ጽሕፈት የምንትዋብ ነበር። ሒሳብ ልታጠና መጥታ ከድርቤ ጎን ተቀምጣለች።

«የኔ ነው» አለች ድርቤ። «ጨዋታ ነው፤ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

ታፋ አልሳቀም። በዚያ ዓመት ከነቀምት ስንት ልጅ እንደወጣ ቀርቷል፤ ጨዋታ ነው ቢሉት ማን ያምናል? ድርቤን ክንዷን ይዘው ሲያወጧት በምንትዋብ ፊት አለፈች፤ ዞር ብላ እንኳ አላየቻትም።

እውነቱን ለመናገር ጨዋታ ነበር። በሰዓት እላፊው ምክንያት ከቤት አትውጡ ሲባሉ ሁለቱ ጓደኛሞች የፈጠሩት ነው። አንድ ጎናቸው በከሰል የጠቆረ አራት የበቆሎ ፍሬዎች ይጣላሉ፤ በወጣው ቁጥር ልክ አንዲት ሴት በመንገዱ ላይ ትሄዳለች። ሴቶቹ የጠርሙስ ቆርኪዎች ናቸው። ቀይዋ ወሰኔ ትባላለች፤ ባሏን የገደለባትን ዳኛ ልትበቀል የሸፈተች ናት። የማትፈራና የማትዋሽ፣ ነገር ግን የዳኛውን ቤት ልጆቹ ውስጡ እንዳሉ ያቃጠለች። ጫፏ የተጣመመው ደግሞ ማዘንጊያ ናት፤ ኡኬ ላይ ጠጅ ትሸጣለች፣ የተሳደደ ሁሉ እሷ ጓዳ ይደበቃል። ሌሎቹን ለማትረፍ ስትል ግን አንዱን ለወታደር አሳልፋ ሰጥታለች።

ኬላ የደረሰች ሴት ትጠየቃለች። ተጫዋቿም ያቺ ሴት ብትሆን የምትመልሰውን መመለስ አለባት።

ምንትዋብ ሁልጊዜ ወሰኔን ነበር የምታነሳው። ማዘንጊያን ሰው የሸጠች ብላ ትንቃታለች። ድርቤ ደግሞ፣ ያንቺዋስ ልጆቹን ምን አደረጉኝ ብላ ነው የምታቃጥላቸው፣ የኔዋ እንኳ የሸጠችውን ሰው ስም እየጠራች ታለቅሳለች ትላታለች። ክርክሩ እንዲህ ሲሄድ አንድም ቀን ተስማምተው አያውቁም። ምንትዋብ ኬላ ላይ በደረሰች ቁጥር እውነቱን ተናግራ ትሸነፋለች። ድርቤም በሳቅ ትሞታለች።

ምንትዋብ ቤቷ ደርሳ የሆነውን ስትናገር እናቷ እትዬ ሐረግወይን በሩን ቀርቅረው አፍሽን ያዢ አሏት፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። ምንትዋብ የዩኒፎርሟን ኪስ ስትዳብስ ቆርኪዎቹና የበቆሎ ፍሬዎቹ እዚያው ናቸው። ድርቤ ለምን ብቻዬን እንዳለች የገባት ያን ጊዜ ነው። ምንትዋብ ባለፈው ሐሙስ ከእናቷ ጋር ጉቴ ወርዳ ሳለ ሞረዳን ከአክስቱ ጎተራ ጀርባ አይታው ነበር፤ ይህንንም ለድርቤ ብቻ ነግራታለች። ድርቤ የሰጋችው ስለ ካርቶኑ አልነበረም። ታፋ አንድ ጥያቄ ቢጠይቃት ምንትዋብ እንደ ጨዋታው ኬላ እውነቱን እንደምትናገር ስለምታውቅ ነው።

ይህ ከፍርሃቱ ይልቅ አቃጠላት። እናቷ ወደ ጓዳ ሲገቡ መቀርቀሪያውን ቀስ ብላ ከፍታ ወጣች። ነጠላዋን ተከናንባ ድርቤ ወደተወሰደችበት ቀበሌ ሄደች።

ድርቤ ከግድግዳው ስር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ አንድ ጉንጯ አብጧል። ምንትዋብን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ። ምንትዋብ ጽሕፈቱ የእሷ እንደሆነ፣ ጨዋታውንም ለሁለት እንደሚጫወቱት ለታፋ ነገረችው። ታፋ ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«ያ ኢንታላ፣ ታኢ» ብሎ ወንበሩን አሳያት። ተቀመጠች። «እንግዲህ ተጫወቱ፤ እኔም ልየው።»

ቆርኪዎቹን ከኪሷ አወጣች። እጇ እንደ ልማዷ ወደ ቀይዋ ሄደ፤ ከዚያ ተመለሰና የተጣመመችውን አነሳ። ድርቤ ቀና አለች።

ፍሬዎቹን ጣሉ፣ ደግመው ጣሉ። የምንትዋብ ቆርኪ ኬላ ላይ ደረሰች። ታፋ እዚህ ምን ይደረጋል ብሎ ጠየቀ። ድርቤ በደከመ ድምፅ አስረዳችው።

«እንግዲያው ጠያቂው እኔ ነኝ» አለ። ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ። «ሞረዳ የት ነው?»

«አላውቅም።»

«ማርያምን በይ።»

ታፋ በስብሰባ ላይ እግዜር የለም እያለ ቢለፍፍም፣ ሚስቱና እትዬ ሐረግወይን የአንድ ማርያም ማኅበርተኞች ናቸው። በእነምንትዋብ ቤት ማርያምን ብሎ መዋሸት እንደማይሞከር አሳምሮ ያውቃል። ምንትዋብም ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሰማችው ይህንኑ ነው፤ በሐሰት የማለ አፉ ይጣመማል። አፏ የተጣመመ አንዲት ጎረቤታቸውን እናቷ ስንቴ አሳይተዋታል! ቆርኪዋን ጨበጠች፤ የቆርኪዋ ጥርስ መዳፏን ወጋት።

«ማርያምን» አለች። «የት እንዳለ አላውቅም።»

ታፋ አፏን አተኩሮ አየ፣ እሱም የሚጣመም እንደሆነ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። ከዚያ ካርቶኑን አጥፎ ብብቱ ስር አደረገና በአገጩ በሩን አሳያቸው።

ሁለቱም ከቀበሌው ወጥተው ወረዱ። መገንጠያው ላይ ሲደርሱ ድርቤ የምንትዋብን እጅ ያዘች።

«ሰው የሸጠች ናት ትዪያት አልነበር?» አለቻት በሹክሹክታ።

ምንትዋብ መዳፏ ውስጥ ያለችውን ማዘንጊያን ልመልስልሽ አላለችም። ድርቤም አልጠየቀቻትም።

ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በማርያም ቤተ ክርስቲያን አጥር ስር ያልፋል። ምንትዋብ በሩን ሳትሳለም አልፋ አታውቅም። ዛሬ ግን ቆመች። ከንፈሯን በጣቶቿ ዳበሰች፤ እንዳለ ነው። ሌላኛውን የአስፋልቱን ዳር ታክካ ብታልፍ ማንም አያያትም። ይቅርታ ለመለመን ቃል ፈለገች፤ የሚመጣላት ግን የሞረዳ ፊት ብቻ ነበር።

ነጠላዋን ከራሷ ላይ አስተካከለች። እየፈራች ወደ በሩ ተጠጋችና በዋሸችበት አፏ ተሳለመች።