ሰዒድ በበር ሁለት ገባ

የሙት መንፈስ ወሬ ሲወራ ሳቃቸውን መያዝ ከሚያቅታቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ፣ ግጥም ብጽፍም እንጀራዬ ኮምፒውተር ነው፣ ኮምፒውተር ደግሞ ያልነገሩትን አይናገርም ብዬ ነው የኖርኩት፣ አሁንም እንደዚያ ብዬ ብኖር በወደድኩ።

የምሠራው ሳዑዲ፣ ደማም ወደብ አጠገብ መጋዘን ያለው ድርጅት ውስጥ ነው። የበሩ ማሽንና የሠራተኛ አስተዳደሩ ሲስተም አይነጋገሩም ነበርና፣ መሃል ሆኖ የአንዱን ቃል ለሌላው የሚያደርስ ሶፍትዌር፣ ሚድልዌር የሚሉትን፣ እንድመርጥ ታዘዝኩ። ለሙከራ ሁለት ቀረቡልኝ፣ አንደኛው የሰጡትን ሁሉ ሳይጠይቅ ያደርሳል፣ ሁለተኛው የሥራ ውሉ የተዘጋ ሰው ስም ሲመጣበት ዝም ብሎ ይጥለዋል። እኔ የመጀመሪያውን ወደድኩት፣ እሱን አስጀመርኩ።

በዚያው ሰሞን ሰዒድ ሞተ። የወሎ ልጅ ነው፣ መጋዘኑ ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳ ነበር፣ አል አዳማ የሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተጋርተን እንኖራለን፣ ግጥም ሳነብለት "ይሄስ ለፎርክሊፍቱም ይከብዳል፣ አውርደው" እያለ ያሾፍብኛል። ተኝቶ አልነቃም። አልጋዎቻችን ሊነካኩ ምንም አልቀራቸው፣ እኔ ግን አንድ ነገር አልሰማሁም።

እህቱ ዘይነብ አል ኹበር ከተማ፣ አል-ጀኑቢያ ሰፈር ሰው ቤት ትሠራለች። ማዳሟን አስፈቅዳ መጣች፣ የምትፈልገው ወንድሟ ቶሎ እንዲቀበርላት ብቻ ነው። ሆስፒታሉ ግን ሬሳውን ለመልቀቅ የሥራ ውሉ መዘጋቱን የሚገልጽ ወረቀት ከሲስተሙ ይፈልጋል፣ በእጅ የተጻፈ አይቀበልም። ወረቀቱ ጠዋት ይወጣል፣ ሆስፒታሉ ጉዳዩን ሳይጨርስ ከሰዓት ላይ ራሱን ይሰርዛል። ገብቼ ሳይ፣ በየቀኑ ከከሰዓቱ የዐስር ሰላት በኋላ የበሩ ማሽን "ሰዒድ በበር ሁለት ገባ" ብሎ ይልካል፣ የመረጥኩት ሶፍትዌር ያደርሳል፣ ሲስተሙም ሰውዬው ሥራ ላይ ነው ብሎ ወረቀቱን ይሰርዛል።

"ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ የመግቢያ ካርዱን አንዱ ሰርቆት ነው" አለኝ ሱዳናዊው አለቃዬ።

ካርዱ ከልብሶቹ ጋር እኔ ዘንድ ነበር።

በማግስቱ ካርዱን ኪሴ ከትቼ፣ ዘይነብን ይዤ በር ሁለት ፊት ቆምኩ። ዐስር ተሰግዶ ሠራተኛው ገባ፣ አካባቢው ጭር አለ። መጀመሪያ ጫማ ሲጎተት ሰማሁ፣ ሰዒድ የጫማውን ተረከዝ ረግጦ ነበር የሚሄደው። ቀጥሎ ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆነ፣ የበሩ ተሽከርካሪ ብረትም ሰው በሆዱ እንደሚገፋው ቀስ ብሎ ዞረ፣ ሰው ግን የለም። እመኑኝ፣ ነፋስም አልነበረም። ወዲያው መልእክቱ ስልኬ ላይ መጣ።

ዘይነብ አልጮኸችም። "ደህና ዋልክ፣ ሰዒዴ?" አለችው ባዶውን በር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"ከማል፣ እሱ ሥራ ግባ ከተባለ መቅረት አያውቅም። ያንተ ማሽን አይስማው በቃ። ይቀበርልኝ።"

ሁለተኛውን ሶፍትዌር፣ የሚጥለውን፣ መረጥኩ። አለቃዬ ለምን ሲለኝ "ይሻላል" ብቻ አልኩት። ወረቀቱ ወጣ፣ ሳይሰረዝ አደረ፣ ሰዒድን እዚሁ ደማም ቀበርነው።

እኔ ከዚያ ወዲህ በሌላ በር ነው የምገባው፣ ሶፍትዌሩም የሚጥለውን ጥሎ ዝም ይላል።

ባለፈው ዓርብ ዘይነብ ደወለች።

"ዛሬስ ገብቷል?"

"አላውቅም እትዬ፣ አሁን ቢመጣም አይነግረኝም።"

ከኋላዋ የማዳሟ ልጅ በዐረብኛ ውሃ ይጠይቃታል።

"ታዲያ መምጣቱን ማንም ካልሰማለት፣ ማን ግባ ይለዋል? በር ላይ ቆሞ ሊቀር ነው?" አለችና፣ መልሴን ሳትጠብቅ ለልጁ ውሃ ልትቀዳ ሄደች። ስልኩን አልዘጋችውም፣ እኔም አልዘጋሁትም።