ሦስት መቶ አርባ ስድስት ግራም

ዱዌን ስታኒክ ከምሳ መልስ፣ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ባለትዳር አልጋ የሚያህል የመኪና ባትሪ ሥር ወድቆ ሞተ። በቀኝ አውራ ጣቱ ላይ 2146 የሚል ቁጥር ያለው ስቲከር ተለጥፏል። በሥራ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ደግሞ ብርቱካናማ መሰኪያ ተገኘ። ይህ መሰኪያ ከባትሪው ከተነቀለ የኤሌክትሪኩ መንገድ ለሁለት ይቆረጥና ባትሪው በድን ይሆናል። እንግዲህ መሰኪያው ኪስ ውስጥ ሆኖ፣ በሚሺጋን ምድር አቻ ያልነበረውን ባለሙያ የገደለው በድን ባትሪ መሆኑ ነው።

አቻ ያልነበረው ስል የማጋንን የሚመስለው ሰው ካለ ዱዌንን አያውቀውም። አንድ ቡሎን ሲፈታ ድምፁን ሰምቶ መኪናው በየትኛው ፈረቃ እንደተገጠመ ይናገር ነበር። አንዴ የገጣጣሚውን ስም ሳይቀር ጠርቷል ይባላል፤ እኔ አምናለሁ።

የሚሠራው ሚስተር ኡልማን ዘንድ ነበር። የኡልማን ቤት መኪና አይጠግንም፤ ይፈታል። የተፎካካሪ ኩባንያዎችን መኪኖች እየገዛ እስከ መጨረሻዋ ቡሎን ይበትናል፤ እያንዳንዱን ዕቃ መዝኖ ቁጥር ይለጥፍበታል፤ ከዚያ ማን ማንን እንደበለጠ ይጽፋል። በዚያ የካቲት ሁለት የኤሌክትሪክ መኪኖች ተበትነው ነበር። አንዱ ሁለት ማይል ርቆ ካለው ፋብሪካ የወጣው ሃርበክ ነው፤ ሌላው ከባሕር ማዶ የመጣው ቶሩቫ። የሃርበክ ባለቤቶች ሪፖርቱን በማግስቱ ረቡዕ ይጠብቃሉ። መኪናቸው ከቶሩቫ ጋር መወዳደር ከቻለ ፋብሪካው ይቀጥላል፤ ካልቻለ አንድ ሺህ አንድ መቶ ሠራተኛ ይበተናል ተብሎ ነበር። በዚያች ከተማ ጥርስ ነቃዩም ቄሱም የሚበሉት ከሃርበክ ደመወዝ ነው።

የሸሪፉ ቢሮ መርማሪ ዋንዳ ኦስትራንደር ስምንት ሰዓት ላይ በዛገ ፒካፕዋ ደረሰች። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና የምታውቀው አለመጮኹን ብቻ ነው። ዓይኗ ግን ከአምስት ሜትር ርቀት የቁንጫን ዕድሜ ይገምታል።

መጀመሪያ ያገኘችው ኡልማንን ነው። ሐዘኑን ባንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሶ ወደ ባትሪው ገባ።

«መሰኪያው ኪሱ ውስጥ ነው፤ ባትሪው ግን ገደለው» አለ። «የቶሩቫ ሥራ ይኸው ነው። ነገ ሪፖርቱ ላይ በትልቁ እናሰፍረዋለን።»

«ለሃርበክ ደስ የሚል ዜና ነዋ።»

ኡልማን ጫማውን ማየት ጀመረ። በምሳ ሰዓት የት እንደነበረ ስትጠይቀው፣ ዱዌንን ቢሮው አስቀምጦ ሪፖርቱን ሲያስፈርመው እንደነበር ተናገረ። ዱዌን የመጨረሻውን ነጥብ ሞልቶ፣ ፈርሞ፣ ፖስታውን ራሱ አሽጎታል፤ ማንም አልከፈተውም።

ሁለተኛዋ ሳሚራ ባዚ ናት፤ የዲርቦርን ከተማ ልጅ፣ የሚዛኑ ኃላፊ። ዓይኗ ቀልቷል፤ መልሷ ግን እንደ ሚዛኗ ነው። ዋንዳ የሁለቱን መኪኖች ልዩነት ለአያቷ እንደምታስረዳ አድርጋ እንድትነግራት ለመነቻት። የሃርበክ ባትሪ በቡሎን የታሰሩ አሥራ ሁለት ሣጥኖች ናቸው፤ አንዱ ቢበላሽ እሱን ብቻ ነቅሎ መቀየር ይቻላል፤ ግን ይከብዳል። ቶሩቫ ሣጥን የሚባል ነገር የለውም። ሴል የሚባሉትን የባትሪውን ትናንሽ ክፍሎች ከወለሉ ጋር በማጣበቂያ አንድ አድርጓቸዋል። ዘጠና ኪሎ ቀልሎ፣ በብርድ ከሃርበክ ስልሳ ማይል አብልጦ ይጓዛል። አንድ ሴል ከተበላሸ ግን ሙሉው ባትሪ ይጣላል፤ ዱዌን ለዚህ ሲረግመው ነው የከረመው።

«ታዲያ ማን በለጠ?»

«ቶሩቫ። እኔ የያዝኩት ውጤት ሰማንያ ስምንት ለስልሳ ዘጠኝ ነው።»

«ሰውየው ጓንት ለምን አላደረገም?»

«ስቲከር በላስቲክ ጓንት አይላጥም። መሰኪያው ከተነቀለ ሁላችንም ጓንት እናወልቃለን። መጀመሪያ ግን ኤሌክትሪክ አለመኖሩን በቴስተር እንለካለን። ዱዌን ሽንት ቤት ደርሶ ሲመለስ እንኳ ይለካ ነበር። ዛሬ ቴስተሩን ከመደርደሪያው አላነሳውም።»

ፍንዳታ የመሰለ ድምፅ ሰምታ ከመስታወት ክፍሏ ስትወጣ፣ ባልደረባቸው ሌሮይ በባትሪው ጀርባ በኩል ጎንበስ ብሎ ነበር። ዱዌንም ያኔ ተላቆ ወደቀ።

ሦስተኛው ይኸው ሌሮይ ፔትዌይ ነው፤ የዱዌን የሠላሳ ዓመት ጓደኛ። የሌሮይ ልጅ ዴኒስ ሃርበክ ትሠራለች፤ ከሁለት ልጆቿ ጋር የምትኖረውም እሱ ቤት ነው። ያን ቀን ፋት ቱስደይ፣ የፈረንጆቹ ጾም ዋዜማ ማክሰኞ፣ ስለነበር ዱዌን እንደ ፖላንዳዊ ወጉ ፖንችኪ አምጥቷል፤ አንዱ ብቻውን የሠርግ እንግዳ የሚያጠግብ፣ ማርማላት የታጨቀበት ዶናት። ሌሮይ ፊት አንዱ እንዳለ ተቀምጧል።

«የራስበሪ ማርማላት ያለበት ሁሌ የኔ ነው» አለ። «‹አንተ ስኳርህን አስብ፣ እኔ ቀብርህን አስባለሁ› ይለኛል። አየሽ እንግዲህ፣ ማን ቀደመ።»

«እንዴት አላቀቁት?»

«በመንጠቆው ጎትቼ።» ግድግዳው ላይ ወደተንጠለጠለው ረጅም ቢጫ ዘንግ ጠቆመ። ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ሳይነኩ የሚጎትቱበት ነው። ከዚያ አምቡላንስ እስኪመጣ ደረቱን ሲጫን ነበር፤ ምሳውን የበላው ጠረጴዛው ላይ ነው። ያኔ የዱዌን ጃኬትስ? እዚያው ጎኑ፣ ማንጠልጠያው ላይ ነበር።

ዋንዳ ወደ ዘንጉ ሄዳ አፍንጫዋን እስክታስነካው ቀረበች። ከዚያ ሳሚራን ጠርታ ከዱዌን ኪስ የተገኘውን መሰኪያ አስመዘነች፤ ቁጥሩን እጇ ላይ ጻፈች።

አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱንም ባትሪው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ውጭ በረዶው ከሰማይ ሳይሆን ከምድር የሚመጣ ይመስላል።

«ከኪሱ እንጀምር» አለች። «የቶሩቫ መሰኪያ ስንት ይመዝናል ሳሚራ?»

«ሦስት መቶ አርባ ስድስት ግራም።»

«ኪሱ ውስጥ የነበረውስ?»

«ሦስት መቶ ዘጠና አንድ። የሃርበክ ነው።» ሳሚራ ወደ ኡልማን ዞረች። «ሁለቱ ኩባንያዎች በማስታወቂያ ሲዘላለፉ ይውላሉ፤ መሰኪያውን የሚገዙት ግን ካንድ አቅራቢ ነው። የሃርበኩ ውስጡ ፊውዝ ስላለ ይከብዳል እንጂ በዓይን አይለይም።»

«የሃርበክ ዕቃዎች መደርደሪያ ላይ ደግሞ የቶሩቫውን አገኘሁት» አለች ዋንዳ። «ስለዚህ ዱዌን ጠዋት መሰኪያውን ነቅሎ እንደ ደንቡ ኪሱ ከተተ። ለምሳ ሲሄድ ጃኬቱን ሰቀለ። አንድ ሰው የቶሩቫውን ወስዶ ባትሪው ላይ መልሶ ሰካው፤ በምትኩ የሃርበኩን ኪሱ ውስጥ አኖረ። ዱዌን ተመልሶ ኪሱን ዳበሰ፤ መሰኪያው አለ።»

ኡልማን ከዱዌን ጋር ቢሮ ውስጥ ስለነበር ከጥርጣሬ ወጣ። ሳሚራም ወጣች፤ ዕድሜዋን በሚዛን የኖረች ሰው አርባ አምስት ግራም ልዩነት ኪስ ውስጥ አትተውም።

«ሚስተር ፔትዌይ፣ የመንጠቆው ቀይ ማሸጊያ አልተበጠሰም። አቧራውም አልተነካም። ዱዌንን ያላቀቁት መሰኪያውን በመንቀል ነው። መሰኪያው ኪሱ ውስጥ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ወደ መንጠቆው ይሮጣል። እርስዎ ግን በቀጥታ ወደ ባትሪው ጀርባ ሄዱ። የነቀሉትን የሃርበክ መደርደሪያ ላይ ጣሉት፤ ከኪሱ የሚቀይሩበት ጊዜ አላገኙም። ባይደርሱለት ኖሮ ላልደርስብዎት እችል ነበር።»

ሌሮይ አቀረቀረ።

«ይለካል ብዬ ነው» አለ። «ሠላሳ ዓመት አንድ ቀን ሳይለካ ነክቶ አያውቅም። ቴስተሩ አራት መቶ ቮልት ያሳየዋል፤ መሰኪያውን ነቅዬው እንዴት ኤሌክትሪክ አለ ይላል፤ ባትሪው አደገኛ ነው ብሎ ከውድድሩ ይጥለዋል። በቃ፣ ይኼው ነበር። ዴኒስ ሥራዋ ላይ ትቆያለች።» ቀና አለ። «ለምን አልለካም?»

ዋንዳ የታሸገውን ፖስታ ከኡልማን እጅ ወስዳ ቀደደችው። አንብባ ለሳሚራ ሰጠቻት። ሳሚራ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ሃርበክ ሰማንያ አንድ፣ ቶሩቫ ሰባ አራት» አለች። «ይኼ የኔ ቁጥር አይደለም። ዱዌን ቀይሮታል።»

«ለሃርበክ አድልቶ ፈርሟል» አለች ዋንዳ። «እርስዎ ሊያደርጉት የፈለጉትን እሱ በስክሪብቶ አድርጎት ነበር። ልቡ ውስጥ የነበረውን አላውቅም። ግን ሠላሳ ዓመት የለካ ሰው፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ዋሽቶ ከኡልማን ቢሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ በምን ልቡ ይለካ?»

ሌሮይ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

ኡልማን ጉሮሮውን ጠራረገ። ከኪሱ የታጠፈ ደብዳቤ አውጥቶ ባትሪው ላይ አስቀመጠ። ሰኞ የደረሰው ነው። የሃርበክ ባለቤቶች ሪፖርቱ ምንም ይበል ምን ፋብሪካውን በሰኔ ለመዝጋት ወስነዋል።

«ሥራው እንዲያልቅ ብዬ ነው ያልነገርኳችሁ» አለ።

ሌሮይ ደብዳቤውን አላነሳውም፤ መነጽሩም ኪሱ ውስጥ ነበር። ዋንዳ ካፖርቱን ራሷ አለበሰችውና በክንዱ ይዛው ወጣች፤ ካቴናውን አላወጣችም። ፒካፑ በአራተኛው ሙከራ ተነሣ።

ኡልማን በሁለቱ መደርደሪያዎች መሐል ቆሞ ቀረ፤ ቁጥር የተለጠፈባቸው ዕቃዎች እስከ ኮርኒሱ ድረስ ተደርድረዋል።

«እነዚህን ምን እናድርጋቸው?» አለ። «መልሰን ብንገጥማቸውስ?»

ሳሚራ ሁለቱን መሰኪያዎች ወደየሣጥናቸው እየመለሰች ነበር።

«መልሶ መግጠም የሚያውቀው ዱዌን ብቻ ነበር» አለች። «እሱም ሌሮይ ከሌላኛው ጫፍ ሲይዝለት ነው።»