ሁለት ዘጠኝ ይዞ

ቶሌራን ፈሪ ነበር ብዬ ስሙን አላጠፋም። ጠንቃቃ ነበር። ልቤን የሰበረውም ይኸው ጥንቃቄው ነው።

ሸነን ጤና ጣቢያ እኔ መድኃኒት ክፍል፣ እሱ ካርድ ክፍል እንሠራ ነበር። ከሰዓት በኋላ በሽተኛው ሲሳሳ መድኃኒት ክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ እንጫወታለን። ከስልኩ ተምሮ ያስተማረኝ እሱ ነው። በብር ፈንታ የምናስይዘው ባቄላ ነበር።

«መካከለኛ ካርታ ሲደርስሽ አታስይዢ» ይለኛል። «ካስያዝሽ ካንቺ ያነሰው ካርታውን ጥሎ ይሸሻል፤ የሚበልጥሽ ብቻ አብሮሽ ይቀራል። ጠረጴዛውን መታ አድርገሽ እለፊ። ብትሸነፊም በትንሹ ነው።»

«ስታልፍ እኮ ሌላው ተጨማሪ ካርታ በነጻ ያያል! በዚያ ቢያሸንፍህስ?»

«ማሎ ሃዋኒ፣ እባክሽ አትቸኩዪ።»

ይስቃል። ሲስቅ ዓይኑን ከካርታው ያነሳና እኔ ላይ ይረሳዋል። እንዴት እንደምወደው!

በፍቅርም እንዲሁ ነበር። አባቱ ጭልሞ ጫካ የደን ጠባቂ ናቸው፤ እሱ የኮንትራት ሠራተኛ። «የቋሚነት ደብዳቤዬ ይምጣና ሽማግሌ እልካለሁ» እያለ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠረጴዛውን መታ አድርጎ አለፈ።

በዚህ መሃል ዘሩባቤል የሚባል መምህር አምቦ ወዳለው የወላጆቼ ቤት ሽማግሌ ላከ። እሱም ሀብታም አልነበረም፤ ግን ላከ። አባቴ ደወለልኝ።

«ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል። እሑድ ሲመጡ ቃሌን እሰጣለሁ፤ ከሰጠሁ ደግሞ አላጥፍም። በልብሽ ሌላ ሰው ካለ እስከ ቅዳሜ ንገሪኝ።»

ሽማግሌ ያልላከ ወንድ ስም አባቴ ፊት መጥራት አሳፈረኝ። ስሙን ሳልጠራ ስልኩን ዘጋሁ።

ዓርብ ዕለት ሁሉንም ለቶሌራ ነገርኩት። ካርታውን በወዘና አደለ።

ሁለቱም ካርታዎቼ ሰባት ቁጥር ሆኑ፤ ሁለት ሰባት ደረሰኝ። ለሁለታችንም የሚያገለግሉት የጠረጴዛው አምስት ካርታዎች ተገልጠው አለቁ፤ ምንም አልረዱኝም። እሱ እንደ ልማዱ ጠረጴዛውን መታ አደረገ። እኔ በልቤ ተሳልኩ፤ ካልሸሸ ዛሬውኑ ለአባቴ ስሙን እነግረዋለሁ። ያለኝን ባቄላ በሙሉ ወደ መሃል ገፋሁት።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። በመጨረሻ ካርታዎቹን ደፍቶ አስቀመጣቸውና ተነሳ።

«ከእኔ የሚበልጥ ባትይዢ ይህን ያህል አትገፊም ነበር። ይቅናሽ፣ ሃዋኒ።»

ከወጣ በኋላ ካርታዎቹን ገለጥኳቸው። ሁለት ዘጠኝ። ረትቶኝ ነበር! ተከትዬው ልሮጥ እስከ በሩ ሄድኩ፤ ከዚያ ኩራቴ ያዘኝ። ተመልሼ ባቄላውን እየለቀምኩ አለቀስኩ።

እሑድ አባቴ ቃሉን ሰጠ።

ይኸው ካገባሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ዘሩባቤል ደግ ሰው ነው፤ ክፉ አልናገርበትም። ቶሌራ የቋሚነት ደብዳቤው በዚያው ዓመት ሰኔ እንደደረሰው፣ ከሸነንም እንዳልወጣ ሰምቻለሁ። ሁለት ዘጠኝ ይዞ የሚሸሽ ወንድ ምን ዓይነት ወንድ ነው እያልኩ ስፈርድበት ኖርኩ።

አሁን ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። እሱን በባቄላ ነበር የጠየቅኩት። እኔን ግን አባቴ በአፉ ጠይቆኛል። ቶሌራ የወጣው ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት ነው። እስከ ቅዳሜ ጊዜ ነበረኝ፤ ስልኬም እጄ ላይ ነበር።