የልብስ ሰፊው እጅ

ልብስ ሰፊው ከደረጃው ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። ሚስቱ መድኃኒቱን ከፋርማሲ ይዛ ስትመለስ ሱቁ በር ላይ ሰው ተሰብስቧል። ገፍታ ስትገባ ታናሽ ወንድሙ ሬሳውን አቅፎ ያለቅሳል።

ከቀብር መልስ ዘመድ ሁሉ ጣቱን እሷ ላይ ቀሰረ። ያ አዲስ መድኃኒት አዙሮ ጣለው፣ ካልዋጥክ ብላ የያዘችው ደግሞ እሷ ናት ተባለ። ሐሜቱን ትችለው ነበር። እንቅልፍ የነሳት፣ እውነት እኔው ገድዬው ይሆን የሚለው ሐሳብ ነው።

በሽታው ሲጀምረው ማንም አላወቀበትም። ሲራመድ ቀኝ እጁ መወዛወዝ ተወ፤ ፊቱም ሳቅ ረሳ። እሷ አኩርፎኛል ብላ መልሳ አኮረፈችው፤ በከንቱ ተኳርፈው ከረሙ። በኋላ ሐኪም አየውና ፓርኪንሰን ነው አለ። ጨርሶ ባይድንም መድኃኒቱ ያንቀሳቅሰዋል ብሎ ነበር፤ እውነትም አንቀሳቀሰው። ሰሞኑን መርፌ ጨብጦ ቁልፍ መትከል ጀምሮ ነበር።

ከፖሊስ የተላከውን መርማሪ ባልደረቦቹ «ቀስ በቀስ» ይሉታል። ሻይ ሲያማስል ያየው ሰው ሁሉ ይሰለቻል። ሥራውን የጀመረው ከእሷ ነው።

«እናቴ፣ እጃቸው እንዴት ነበር የሚንቀጠቀጠው? እስቲ ያሳዩኝ።»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብላ እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ክር የሚያጠነጥኑ ይመስል ተፋተጉ። ከዚያ እጇን ዘርግታ መቀስ አነሳች፤ እጇ ጸጥ አለ። «ሲያርፍ ነው የሚብስበት፤ ለሥራ ሲዘረጋው ይተወዋል» አለችው።

ቀጥሎ የሱቁ ጨርቅ ቆራጭ ተጠየቀ። በተበላሸ ጨርቅ ከጌታው ጋር ተጣልቶ ስለነበር ሰው ሁሉ በጎሪጥ ያየዋል። እሱም ልክ እንደ እሷ አሳየ። የጌታው ድምፅም ደክሞ ስለነበር፣ ልኬት ሲነግሩት ጆሮውን አፋቸው ላይ ደቅኖ ይሰማ እንደነበር ተናገረ።

ወንድምየው ግን ክንዱን ወደ ፊት ዘርግቶ አየር ላይ አርገፈገፈው። ታች ባንኮኒው ጋ ሆኖ ቀና ሲል፣ ጋሼ የደረጃውን መደገፊያ ሊይዙ እጃቸው እንዲህ ተንቀጥቅጦ ሲስታቸውና «ያዙኝ» ብለው ሲጮኹ እንዳየ ተረከ።

መርማሪው ሦስቱንም ደረጃው ግርጌ ሰበሰባቸው።

«የሚወርድ ሰው መደገፊያ ከሳተ ብዙውን ጊዜ በፊቱ ይደፋል። እኚህ ሰው ግን የተመቱት ማጅራታቸውን ነው። ጀርባቸውን ለደረጃው ሰጥተው ከሰው ጋር ፊት ለፊት ቆመው ነበር።»

«ይሄ በሽታ ወደ ኋላም ይጥላል» አለ ወንድምየው።

«ማን ነገረህ?»

«ሐኪሙ ጋ አብሬ ነበርኩ። ትከሻቸውን ሳብ ሲያደርጋቸው ወደ ኋላ ሄዱ።»

«እሱን አይተሃል። እጃቸው ሲዘረጋ ጸጥ እንደሚል ግን አላየህም፤ ቁልፍ የሚተክል እጅ መደገፊያ አይስትም። ጆሮ ተደቅኖ የሚሰማ ድምፅም ከፎቅ አይጮህም። ታች ሆነህ አየሁ ያልከውን ሁሉ ፈጥረኸዋል። ቆራጩ እሳቸው እስከሚወድቁ ድረስ ታች ማሽኑን ሲያስኬድ ጎረቤት አይቷል፤ እኚህ እናት ፋርማሲ ነበሩ። ላይ ማን ቀረ? ለደንበኛው ሁሉ ጋሼ አብቅቶላቸዋል እያልክ ሱቁን ያንተ አድርገህ ነበር። መርፌ ሲያነሱ ጊዜ አልተዋጠልህም።»

ሴትየዋ ወንድምየውን አየችው። እናቱ ስትሞት አዝላ ያሳደገችው፣ ከልጆቿ ሳትለይ ያጎረሰችው እሱ ነው። ይክዳል ብላ ጠበቀች፤ ይክድ ብላም ተመኘች።

«እትዬ፣ አልገፋኋቸውም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ደረታቸውን ነካ ነው ያደረግኳቸው። ሐኪሙም ነክቷቸው አልነበር?»

መድኃኒቱ አልገደለውም። እሷም አልገደለችውም። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ውሻ እንኳ በበላበት ይጮኻል።

«ጠብቀው፣ አደራ ብዬህ ነበር የወጣሁት» አለችው። «ሐኪሙ ሲነካው እኮ፣ ሊይዘው ከኋላው ቆሞ ነበር።»